ስድስተኛው ሳምንት

ካሰል ላይ መጽሔት እንደ ቤት ይከራያል፤
ሳምንት በገፋ ቁጥር ኪራዩ ይረክሳል።
ቬንደሊን ሰኞ ጠዋት መኪናውን አስነስቶ፣
አሥሩን በአንድ ሰማያዊ ክላሰር ከቶ፣
ለጥርስ ሐኪሙ ያደርሳል፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ገና፤
ለፀጉር ቤት፣ ለጠበቃ፣ ለጎሚስታው ይቀጥልና፣
በስድስተኛው ሳምንት ተራው የሳቸው፤
ርካሹን የሚወስዱት ሂልትሩድ ናቸው፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው ሕንጻ።

የሠርጉን ፎቶ ሲያዩ ሙሽሮቹ ተፋተዋል፤
የኬኩ አሠራር በሰው መቀስ ተቆርጦ ሄዷል፤
«ይጥላል» የተባለው በረዶም ቀልጧል።
ግድ የላቸውም። መነጽር ጠርገው፣ ከኋላ ጀምረው፣
እንቆቅልሹን ይፈልጋሉ፣ ያን የሳጥን መደዳ ገልጠው።
አንድ የማያውቁት ሰው፣ ጫፉ በሾለ እርሳስ፣
ሞልቶታል ሁልጊዜ ከእግር እስከ ራስ፤
አንዲት ቃል ብቻ ባዶ ይተዋታል።
አቅቶት ነው? ለሰው ነው? ማን ይነግራቸዋል?
በብዕር ይሞሏታል። ከሳቸው ወዲያ ግን ወረቀቱ ይፈጫል፤
ባለ እርሳሱ መልሷን የት ያያል?

የካቲት ላይ ክላሰሩ መጣ፤ እንቆቅልሹ ነጭ።
በሳምንቱም ነጭ።
ቬንደሊንን ደረጃው ላይ አስቁመው ጠየቁ፦
«ያ ባለ እርሳስ የት ሄደ?»
ትከሻውን ሰበቀ፦ «እኔ ምን አውቅልዎት?»
ያን ሌሊት ብዕሩን ትተው እርሳስ ቀረጹለት።
የወንዝ ስም፣ የአይብ ስም፣ የንጉሥ ስም አስፍረው፣
አንዷ ላይ ሲደርሱ፣ መልሱን እያወቁ ደህና አድርገው፣
እርሳሱን አስቀመጡ።
«አላወቅሁም፤ አገር ልስጥህ» አሉ ለባዶው ሳጥን፤
«በል እንካ፣ ሰጠሁህ ካሰልን።»