ረድፍ አርባ ሰባት

አዳማ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤
የሆቴሉ አዳራሽ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሙቀት።
መጋረጃው ተስቦ፣ ግድግዳው በርቶ፣
አገር በሠንጠረዥ፣ በረድፍ ተዘርግቶ፣
ሃያ አንድ ሰው ሆነን፣ ዙሪያውን ተቀምጠን
ያልመጣውን ዘመን በአሃዝ እንመትራለን።

«ሁለት ሺህ ሃምሳ» ይላል የገጹ ራስጌ።
በፈረንጅ ነው እሱ፤ በኛ አርባ ሁለት ነው።
ዲንቁ ከጎኔ ሆኖ ሹክ አለኝ በጨዋታ፦
«ስምንቷ ዓመት ትርፍ ናት፤
ሥራው ቢዘገይም ትሸፍናለች ላፍታ።»
ሳቅን።
ሳቃችን ግን የትም ቦታ አላገኘም፣
ለሳቅ የተመደበ ረድፍ አልነበረም።

የኔ ድርሻ ከሰል ነው፤ ረድፍ አርባ ሰባት።
ሲሚንቶው ለዲንቁ፣
ከብቱን ከነግሳቱ ለዶክተር ሰናይት ሰጥተዋት፣
ለኔ አንድ ቢጫ ሳጥን።
ቢጫ ማለት ግምት ነው፣ ገና ያልተጣራ።
ጥያቄውም አጭር፦
ከተሜው ከሰል መግዛት መቼ ይተዋል?
በየትኛው ዓመት ምድጃው ይበርዳል?
አንድ ቁጥር ጻፍና መሥመሩ ይወርዳል።

ጻፍኩ።
መሥመሩ ወረደ፤
ያለ ኮረኮንች፣ ያለ አንዳች እንቅፋት፣
ቁልቁል እንደ ሸርተቴ፣ እንደ ልጅነት።
«ከሰል ይከስማል» ብዬ ሥሩ ላይ ጫርኩበት፤
ቃሉ ራሱ ገጥሞ ሳልደክም መጣልኝ።
ሳይደክሙ የሚያገኙት እውነት
ሁልጊዜ ያስፈራኛል።

ያኔ መብራት ጠፋ።
አገሬ ከግድግዳው እልም አለች።
መጋረጃውን ብንገልጥ
ከከተማው ማዶ፣ ጋራው ጫፍ ላይ ቆመው
ነጫጮቹ ማማዎች፣ ሦስት ሦስት ክንፍ ይዘው
ነፋሱን ጠልፈው ይዞራሉ፣
ይዞራሉ፣
ማንን እንደሚያበሩ ለኛ ሳይነግሩን።
አስተናጋጁ መጣ፣ ይቅርታ እየጠየቀ፦
«ናፍጣ እስኪቀዳ ነው፤ ጄኔሬተሩ ደረቀ።»
አሁን ማንም አልሳቀ።

ማታ ባጃጅ ይዤ በወንጂ መንገድ ወጣሁ፤
ከጆንያ መደዳ አዴ ሎሚን አገኘሁ፣
ነፋሱን በጀርባዋ፣ አቧራውን በሻሿ መክታ፣
በጣሳ እየሰፈረች ለሚገዛት ለማታ።
«በቀን ስንት ይሸጣሉ?» አልኳት፣ ደብተር አውጥቼ።
«ግብር ነህ?»
«አይደለሁም።»
«ታዲያ ምንድን ነህ?»
ምንድን ነኝ?
«የዕቅድ ሰው» አልኳት። «ከሃያ ዓመት በኋላ
ከሰል ስለማይኖር…»

ሰማችኝ።
ጥቁር ጣቶቿን አንድ ባንድ አጠፈች፦
«ያኔ ሰባ ስድስቴ ነው።
ይቅር፣ እኔም ይቅር እላለሁ፤ ሳሉ ጨርሶኛል።
ልጄ ለግራር ብሎ በሌሊት ይወጣል፣
በሕይወት ሲመለስ ነው የኔ ቀን የሚነጋው።
ማን ወዶት ነው ይህን?
ግን አየህ፣ እዚያ ወረቀትህ ላይ
ከሰሉ የሚያበቃበት ዓመት ተጽፏል አልክ፤
እኔ የምጀምርበትስ?»

ሆቴል ተመለስኩ።
ሠንጠረዡ ውስጥ ፈለግኳት።
እኛ የምንቆጥረው በሚሊዮን ቶን ነው፤
የሷ ቤት ከነጥብ ወዲህ ስድስተኛው ቤት ነው፤
ስናጠጋጋ ፈርሷል።

ከአርባ ሰባት ሥር አንድ ረድፍ ከፈትኩ፣
«የአዴ ሎሚ መጀመሪያ» ብዬ ሰየምኩ።
ዓመት፦ ባዶ።
ገንዘብ፦ ባዶ።
ቀለሙ ቢጫ።
የከሰሉን ዓመትም ጥቂት ገፋ አደረግኩ፤
መሥመሩ ተንገዳገደ፣ ወገቡ ላይ ጎበጠ፣
ከሸርተቴ ይልቅ መንገድ መሰለ፣
እግር የሚያደናቅፍ፣ ሰው የሚሄድበት።

ነገ ዶክተር ሰናይት ብዕሯን ቀስራ
«ይሄ ጉብታ ምንድን ነው?» ትለኛለች፤
መልሴን ገና አላውቅም።
ሌሊቱን ነፋሱ የጣራውን ቆርቆሮ ሲያንኳኳ
ልተኛ ብዬ፣ ልዘጋው ስል ሥራዬን፣
ማሽኑ እንደ ልማዱ ጠየቀኝ፦
«ለውጡን ላስቀምጠው?»

እስከ መቼ? አልኩት።