የባቡር ባቡር

ከድሬዳዋ መጣ፣ በሎቤድ ተጭኖ፣
ሦስት ቀን ተጉዞ፣ አቧራ ተከድኖ፤
የዓባይን በረሃ በሰው ጎማ ወርዶ፣
ደጀን ላይ ተንፍሶ፣ ከማርቆስ ማልዶ።
ጣና ዳር ሲደርስ፣ ከደንገሉ ፊት ለፊት፣
ሃያ ሜትር ሐዲድ ተነጠፈለት፤
ከየትም አይነሣ፣ ወዴትም አይደርስበት።

ማንበቢያ ይሁን አሉ፣ ለማታ ተማሪ፤
እኔን ጠሩ፦ «እማዋይሽ፣ አንቺ ነሽ ሠሪ።»
የመብራት ኃይል መብራት እንግዳ ነው፣ አይለምድም፤
ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል፣ አይሰናበትም።
ስለዚህ ናፍጣ። ስለዚህ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣
ጀርባዬ ጠጠር ላይ፣ ፊቴ በዝገት ጠቁሮ።

ከመንኮራኩሩ ጎን ዲናሞ አገኘሁ፤
ቺንጋው የተበጠሰ። በእጄ አዞርሁት፣ አየሁ።
ጋሽ አብዶሽ፣ አብሮት የመጣው፣ የባቡር ጡረተኛ፣
ጎንበስ አለና፣ «ተይው» አለኝ፣ «አሁን ሆኗል ዳተኛ።
መብራቱ ከእግሩ ነው፤ ሲሮጥ ይበራል፤
ኤረር ላይ ሲቆም ዓይኑ ይደበዝዛል።
ሮጦ ነው የሚያይ።»
ቆሞ ማየትን ላስተምረው ተነሣሁ በወኔ፤
ሽቦ ላጥሁ በጥርሴ። (ለተማሪ ክልክል ነው፤ ተፈቅዷል ለእኔ።)

ሞተሩስ ከየት? ማዘጋጃ ቤቱ ብር አጥቶ፣
ከዘጌ መጣልን፣ በጀልባ፣ ግራሶ ተቀብቶ።
የአያ ገደፋው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ዳጉሳ የፈጨ፣
ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ሲያስለው ያፏጨ።
ድንጋዩን አውርደን፣ ጄኔሬተር በፈንታው
አሰርንለት፣ በዚያው በሰፊው ቺንጋው።

«ባቡሬን አደራ!» አለ አያ ገደፋው።
«ባቡርማ ይሄ ነው» አለ ጋሽ አብዶሽ፣ ፉርጎውን እየዳሰሰው።
«ይሄማ ቤት ነው፤ እግር ያለው ቤት።
ባቡር እኛ ዘንድ፣ ሴቶች በአህያ ጭነው የሚመጡበት፣
ወረፋ የሚያዝበት፣ ወሬ የሚሰማበት።»
«ሴቶቹስ እኛ ጋ አልመጡም? ሻንጣና ጫት ይዘው!
ወሬማ፣ ከጅቡቲ ጀምሮ ነበር የምንጭነው።»
ሁለቱም ልክ ናቸው። ቃሉ አንድ፣ ባቡሩ ሁለት፤
እኔ መሐል ቆሜያለሁ፣ ኬብል ይዤ፣ አንዱን ባንዱ ላስርበት።

መጀመሪያ መሬት። ይህን ሥራ ማንም አያየውም።
የመዳብ ዘንግ ይዤ ደንገሉ ሥር ወረድሁ፤
ጭቃው ዋጠው፣ ሳይከራከር። የመዶሻዬን ድምፅ ከውኃው ማዶ ሰማሁ።
ያመለጠ ጅረት ቢመጣ፣ ሰው ሳይነካ
በዚህ ይገባል፣ ከእንቦጩ በታች፤ ጣና ርጥብ ነው፣ ይችላል ለካ።
አንድ ታንኳ ቀዛፊ አየኝና፣ «ምን ትተክያለሽ?» አለ።
«መብራት» አልሁት።
«ሲበቅል ጥሪኝ» ብሎ አለፈ።

አሥራ ሁለት ሰዓት። ማኖቬላውን ሁለቱ ሽማግሌዎች ያዙ፤
ሳል፣ ጭስ፣ ዝምታ። ደግመው አዞሩ፣ ደግመው ፈዘዙ።
በአራተኛው ያዘ፦ ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ፤ ጉማሬ የሚያባርር ድምፅ።
ብሬከሩን ወደ ላይ። ምንም። ጨለማው እንደነበር፣
ሁለቱም ሌላ ሌላውን ያያሉ፣ እንዳላፍር።

ቴስተር ይዤ ገባሁ። ከሦስተኛው መስኮት በላይ፣ ጨርቁ ጠቁሮ፣
እጁ አምሮኝ ያልፈታሁት፣ የማላውቀው ሰው ቋጠሮ።
ብሬከሩን መለስሁ። ፈታሁት፤ ቅር እያለኝ።
በራሴ አስተሳሰር አሰርሁት። አያምርም።

በራ።
የዕቃ መደርደሪያው ናስ፣ የወንበሩ ቆዳ፣
በመስታወቱ ጥግ የተጫረ የአንድ ወታደር ስም፤
ጋሽ አብዶሽ ስሙን በጣቱ አበሰ፣ ግን አልጠፋም።

ያኔ ከሽምብጥ በኩል አንዲት ሴት ጆንያ ተሸክማ፣
መጣች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ፣ የሞተሩን ድምፅ ሰምታ።
«ባቡሩ ተነሣ አይደል?» አለች፤ «ዳጉሳ ነው፤ ስንት ነው ኪሎው?»
ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መልሱን ለእኔ ተዉት፣ ሁለቱም ዝም አሉ።

«ግቢ» አልኋት፣ «ጆንያሽን አውርጂ።
ያኛው መፍጨት ትቷል፤ ይሄኛውም መሄድ ትቷል።
መብራት ግን አለ። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች፣ መስኮቱ ጋ፣
ቲኬት እንደቆረጠ ሰው ቀሚሷን ሰብስባ።