የመሐል ጥርስ

ከጠባሴ ማዶ፣ ከጎሚስታው ደጃፍ፣
ውርጩ ሳይለቅ ገና ከቆርቆሮው ጫፍ፣
ቆሜያለሁ በጠዋት፣ እጄን ኪሴ ከትቼ፣
ፒካፔን አጠገቤ እንደ በቅሎ ገትቼ።

ባሌስትራ አስጨምሬ ከፍ አድርጌያት አምና፣
ጎማ መቀየሩን ለዘንድሮ አልኩና፣
ይኸው ዓመት ሙሉ፣ በዚያ ቁመቷ ላይ
የልጅ ጫማ ያጠለቀ መለሎ ሰው መሳይ።

እንግዳሸት ወጣ፣ እጁ ጥላት መስሎ፣
ባረጀው ጎማ ላይ አውራ ጣቱን ጥሎ
ጥርሱን ዳበሰና፣
«ይሄማ ድድ ሆኗል፣ ምን ቀረው?» አለና
ሦስት ጎማ አንከባሎ ፊቴ ደረደረ፤
ልቤ ግን ሳልመጣ መርጦ አድሮ ነበረ።

አንደኛው ልሙጥ ነው፣ የአስፋልት ወዳጅ፣
ሲሄድ የማይጮህ፣ ናፍጣ የማይፈጅ፤
መረሬ ሲያይ የሚከዳ፣ የበጋ ጓደኛ።
የጭቃው ነው ደግሞ፣ ጎምላላው፣ ሁለተኛ፤
በጥርሱ መሐል ጣት ሙሉ ይገባል፣
ዋልካ ቢይዘውም ቦጭቆ ይወጣል፤
አስፋልት ላይ ሲሮጥ ግን እንደ ወፍጮ ያገሳል፣
ዕድሜው ቶሎ ያልቃል፣ ናፍጣ ይልሳል።
ሦስተኛው የመሐል። ጥርስ አለው፣ አይናከስም፤
አስፋልቱን አያማ፣ ጭቃውን አይወቅስም፤
እንደ ሽማግሌ፣ ሁለቱን ያስማማል።
ዋጋው ግን
ያማል።

«የጭቃውን» አልኩት። አፌ አልተደናቀፈ።
እንግዳሸት ዝም ብሎ ቡሎን አራገፈ።
«ቀን ቁጠር» አለኝ።
«ምን?»
«ቀንህን። እውነቱን።
ስንቱን አስፋልት ነዳህ? ጭቃ ረገጥክ ስንቱን?»

ሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከቤት እስከ ብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ አስፋልት።
ቅዳሜ ገበያ፣ ከሚስቴ ጋር፣ አስፋልት።
እሑድ ልጄን ይዤ፣ የጣርማ በርን ጉም ላሳያት፣
እስከ ዋሻው አፍ፣
አስፋልት።

«ጭቃውስ?»
ጭቃው አለ። ከመሐል ሜዳ ማዶ፣
ሰው በዶማ ያወጣው፣ ገደሉን ጎምዶ፣
ወንድሜ ጓንጉል ቤት የሚያደርስ ፒስታ።
ካቻምና ነሐሴ፣ ባለቤቱ ሞታ፣
ሌሊት ገሥግሼ፣ ወንዙ ጋ ስደርስ፣
ሆዷ ድንጋይ ላይ ቀርቶ፣ ጎማዋ ሲልወሰወስ፣
የማዶውን ለቅሶ በጆሮዬ እየሰማሁ
ጭንጫ ላይ ተቀምጬ ከወዲህ አነባሁ።
ሲነጋ ተመለስኩ።

ከፍ ያደረግኳት ለዚያ ነው። ለዚያ ወንዝ።
ለዚያ ነው ስል ከርሜያለሁ፣
ለሚስቴ፣ ለጎረቤት፣ ነዳጅ ማደያው ላይ ለጠየቀኝ ሁሉ።
ከፍ ካለች ወዲህስ፣ ያን ወንዝ ስንቴ አየች?

ለእንግዳሸት አልመለስኩም፤ መሬት መሬት አየሁት፤
«ዜሮ» አልኩኝ በልቤ፣ በአፌ ግን አፈርኩት።

እሱም አልደገመኝም። ክሪኩን ከሥር ሰደደ፣
አሮጌውን አወጣ፣ አንዱን ባንዱ ላይ ጎለተ፣
የመሐሉን አራቱንም አሠረና፣ ንፋስ ለክቶ ሲሰጥ፣
ቀና ሳይል እንዲህ አለኝ፦
«ለቆመ መኪና፣ ወንድሜ፣ ማንኛውም ጎማ ይበቃል።»

ማኅደር ልጄ ማታ ባትሪ ይዛ ወጣች፣
«አባዬ፣ ጠጉር አለው!» ብላ እየሳቀች።
አዲስ ጎማ ነዋ፤ ገና ያልተነዳ፣
እንደ ጨቅላ ጠጉር በላዩ የተቀዳ።
አንድ ሁለቱን ነቅላ መዳፌ ላይ አኖረች።

ሳምንት ነዳኋት። ፋብሪካ፣ ገበያ፣ ጣርማ በር።
ድምፅ የለም፤ መሪው ቀሏል፤ ናፍጣውም እንደነበር።
ዛሬ ማታ ጎንበስ ብዬ አየሁ፦
የመሐሉ ጠጉር በአስፋልት ተላጭቷል፤
የዳርና ዳሩ፣ ጭቃ የሚነክሰው ጥርስ ላይ ያለው፣
እንደቆመ ነው፤
ጣቴን ሳሳልፍበት ይኮረኩረኛል።

ነገ ቅዳሜ ነው።
ገበያ እንሄዳለን ብያታለሁ ሚስቴን።
ከመንዝ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤
ወንዙ ሞልቶ ይሆን?