የተበሳ ይሁን

ቁልፏ ትንሽ ናት፤ የሻንጣ መስላኝ ነበር።
የቶሌራ አርባ በወጣ ማግስት፣ ኮቱን ለሰው ልሰጥ ስፈትሽ
ከኪሱ ስፌት ሥር በጣቴ ጫፍ ነካችኝ።
ቁጥር አላት፦ ስድስት መቶ አርባ።

ጋሪ ተሳፍሬ ፖስታ ቤት ወረድኩ፣
የአዳማ ነፋስ አቧራ እያስቃመኝ፣ ነጠላዬን እየነጠቀኝ።
ልጅቷ ከመስኮቱ፣ «ሳጥኑ ሞልቷል፤ ባለቤቱ የሉም?» አለችኝ።
«የሉም» አልኳት።
እንደ ዋዛ ጠየቀች፤ እንደ ዋዛ መለስኩ።

ሦስት ፖስታ። ቡናማ። ከመጠናቸው በላይ የከበዱ።
ላኪው ኢማድ አብዱሰላም፣ ሐረር፣ ሸዋ በር።
እኔ ግን ስጠብቅ የኖርኩት የሴት ስም ነበር!
ስድስት ዓመት ሙሉ ጡረታው ሲሸረፍ
«ዕቁብ ነው» ይለኛል፣ ዓይኑን መሬት ጥሎ፤
እኔም ሽሮዬን እውጣለሁ፣
ጥርጣሬዬ አብሮ ተፈጭቶ፣ አብሮ በስሎ።

ሴትስ ነበረች። ፖስታውን ስቀድ ወጣች፤
አንገተ ወፍራም፣ ደረቷ ላይ ዕንቁ የሰካች፣
የሩቅ አገር ንግሥት፣ በብር የተቀረጸች፤
ጠገራ!
አናቷን የተበሳች፣
የስንቷን ልጃገረድ ላብ ጠጥታ የኖረች።

ደብዳቤም አለ፦
«አቶ ቶሌራ፣ እንደ ልማድዎ የተበሳውን ልኬአለሁ፤
ከወደዱት ዋጋውን፣ ካልወደዱት ዕቃውን ይመልሱልኝ።
ግን አንድ ጥያቄ፣ ካልከበደዎት፤
ሰብሳቢ ሁሉ ከቀዳዳ ይሸሻል፣
ሙሉውን፣ ንጹሑን፣ ያልታሸውን ይሻል።
እርስዎ ብቻ፣ በየትዕዛዙ ግርጌ፣ ‹የተበሳ ይሁን›።
ምን ይሆን?»

ኢማድ፣ ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ትንሿ ልጃችንን ታይፎይድ ያነደዳት ክረምት
የእናቴን ጠገራ ከአንገቴ ፈትቼ መዳፉ ላይ አኖርኩ።
አንጥረኛው ሚዛን ላይ ጣላት።
ወንጂ ሚዛን ቤት፣ አገዳ በመኪና ሙሉ የሚመዝነው ሰው
ያቺን አንዲት ፍሬ ስትመዘን ማየት አቃተው፤
ፊቱን ወደ ገበያው አዞረ።
ልጅቷ ዳነች። ዛሬ ሞጆ፣ ባንክ ቤት፣ የሰው ገንዘብ ትቆጥራለች።
ስለ ጠገራዋ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት
እሱም አላነሳ፣
እኔም አልጠየቅኩ።

ማታ አልጋው ሥር ገባሁ። የከረሜላ ቆርቆሮ።
አሥራ ዘጠኝ ሴቶች፣ በሲጋራ ብልጭልጭ ተጠቅልለው፤
በየጥቅሉ ላይ፣ በዚያ በተጣመመ ጽሕፈቱ፣
«አይደለችም»።
«አይደለችም»።
አንዷ ላይ ብቻ «ትመስላለች»፤ እሱም ተሰርዟል።
ካልሆነች ለምን አልመለሳትም?
የሌላ ሰው አንገት ናትና ደግሞ መሸጥ ከብዶት ይሆናል።

ከሥራቸው አንድ ብጣሽ፣ እንዳይረሳው የጻፋት፦
«ቀዳዳዋ ከዘውዱ በላይ፤ ጠርዟ ላይ የጥርስ ምልክት።»

ጥርሱስ ልክ ነው። የኔ ነው፤ ሕፃን ሆኜ የነከስኳት።
ቀዳዳው ግን፣ አንተ ሰው፣ ከዘውዱ በላይ አልነበረም!
ከደረቷ በታች ነው።
እናቴ ዘቅዝቃ ነበር የምታስራት፤
ሰው ሲስቅባት፣
«ለእናንተ ዓይን መቼ አሰርኳት?
እኔ ጎንበስ ስል ቀና ብላ ታየኝ» ትል ነበር።
አንተ በሐሳብህ ስታገላብጣት፣ ስታገላብጣት፣ አቃናሃት፤
በጡረታህም የሰው እናት ሁሉ ጠገራ ገዛህ።
ብትጠይቀኝ ምን ነበር?
ብጠይቅህስ?

ማለዳ ፖስታ ቤት ተመለስኩ።
ሦስቱን ለኢማድ ላኩ፤ የትዕዛዝ ቅጹን በእጄ ሞላሁ፦
«የተበሳ ይሁን። ቀዳዳው ከታች።»
ስለ ሞቱ አልጻፍኩም፤ የቅጹ ቦታ ጠባብ ነው።
የሳጥኑን ኪራይ፣ የዓመቱን፣ ቆጥሬ ሰጠሁ።
ልጅቷ እስክሪብቶዋን አንስታ፣ «በማን ስም ላድርገው?» አለች።
«ባለበት ይሁን» አልኳት።