የቅቤው ዋጋ

ሐኪሙ እስክሪብቶውን ካርዱ ላይ ደግኖ፣
«ትጠጣለች?» አለኝ፤ ዓይኔን ሳያይ፣ አዝኖ።

እኔ የአዲስ ዓለም ልብስ ሰፊ፣
ሰው ሲሰድበኝ ሰምቶ አላፊ፣
ያን ቀን ከወንበሬ ተፈናጥሬ ተነሳሁ፣
የነጭ ጋዋኑን ክብር ረሳሁ።

ሸምሲያ?
እትዬ ውብነሽ እንኳ፣ ጎረቤቷ፣ ለጥምቀት ጠላ ስትጠምቅ፣
ጌሾ ባልነካው ማሰሮ ቀሪቦ ትለያለች፤ ወጓን ስለምታውቅ።
ሸምሲያ?
የሳል ሽሮፕ ስገዛላት እንኳ፣ ማሸጊያውን አገላብጣ፣
ምን እንዳለበት ሳታስነብበኝ ጠብታ የማትጠጣ!

«ይቅርታ» አለኝ። «መጠየቅ ስላለብኝ ነው።
ከመቼ ጀምሮ ነው የማትበላው?»

ዘጠኝ ዓመት የጠበቅነው ፅንስ ሲመጣልን፣
ትውከቱን ከምርቃት ቆጠርን።
አጥሚት ወጣ፤ ውሃ ወጣ፤ የሎሚ ጭማቂም ወጣ፤
በሰባተኛው ሳምንት፣ የሚወጣም ነገር ታጣ።
ሴቶቹ «ወንድ ነው፤ ወንድ ያስቸግራል» አሉ።
የቀሚሷን ጎን ሦስት ጊዜ አጠበብኩት፤
ለካ በሜትሬ፣ በመርፌዬ፣ በሽታዋን ነበር የለካሁት።

አንድ ጠዋት በር ላይ ቆሜ፣ ትክ ብላ አየችኝ፣ ሳቀች፤
«ሁለት ሆነሃል፤ የቱ ነው የኔ?» ብላ ጠየቀች።
ሳቅሁ። የዓይኗ ብሌን ግን፣ እንደ ስፌት መኪና መርፌ፣
ይመታ ነበር፣ ወደ ጎን።
አየሁት። አየሁትና ተውኩት፣ አልፌ።
ስትራመድ ግድግዳ ያዘች፤
በሦስተኛው ቀን ግድግዳውም ከዳት።

ከሱብሂ በፊት፣ አልጋው ሲንቋቋ ነቃሁ፤
ጥርሷ ገጥሞ፣ እጇ ተቆልምሞ፣ ስሟን እየጮኽኩ ጠራሁ።
ሰው ሞላ። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ሥር ያዘ፤
አንዱ የበር ቁልፍ አስጨበጣት፤ አንዱ ጂኑን «ውጣ» ብሎ አዘዘ።
እኔ የማስታውሰው የድኝ ሽታ ነው፣
እና ሽንቷን፣ ሰው እንዳያይባት በጋቢዬ ስሸፍነው።

የሰፈራችን ክሊኒክ ጉሉኮስ ሰቀለላት።
ደስ አለን፤ ስኳር ኃይል ነው፤ ግማሹ ሳይወርድ ሁለቴ ጣላት።

«ስኳሩ እንጨት ነው» አለኝ ሐኪሙ፣ ሰምቶኝ ሲጨርስ፤
«ታያሚን የምትባል ቫይታሚን አለች፤ እሷ ናት ክብሪቷ።
የሚስትህ ክብሪት በትውከት አልቋል።
እንጨት ብቻ ብንከምርባት፣ አንጎሏ በብርድ ያልቃል።»
ክብሪት ሲል፣ ያ የድኝ ሽታ መጣብኝ፤
የለኮሱት በተሳሳተው ቦታ ነበር ማለት ነው።

«እኛ ጋ ጨርሰናል። ሩጥ።»

ማራኪ፣ የለም። ፒያሳ ሦስት ፋርማሲ፣ የለም።
ዝናቡ የጃንተከልን ዋርካ ያጎነብሰዋል፤
የባጃጁ ልጅ፣ አጥናፉ፣ ሂሳብ አልጠየቀም።
አዘዞ መንገድ ላይ፣ አንዲት ፀጉሯን የተሠራች ልጅ
ከታችኛው መደርደሪያ አቧራውን ጠርጋ አወጣችው።
«ይሄን እኮ ሰው አይጠይቀንም» አለችኝ።
ትንሽ ብልቃጥ፤ ውስጡ ውሃ የመሰለ።
ዋጋው
አንድ እጅጌ የማሳጥርበት።

ማታውን ዓይኗ ረጋ።
መንቀጥቀጡም ያን ሌሊት ሳይመጣ ነጋ።
ፅንሱ ግን አልጠበቀንም።
ስለሱ አልጽፍም።

ይኸው ዓመት ሊሆን ነው። ትበላለች። ግድግዳ ሳትይዝ ትሄዳለች።
«ትናንት ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ቅቤ ገዛሁ» ትላለች።
ትናንት ረቡዕ ነበር፤ ከደጅ አልወጣችም።
ሐኪሙ ነግሮኛል፦ እየዋሸች አይደለም፤
አንጎሏ የተቀደደውን ቦታ ባገኘው ጨርቅ ይጥፋል።
ጥፈትማ የኔ ሥራ ነው። ቀለሙ ባይገጥምም ብርድ ይከላከላል።

መኪናዬን አቆማለሁ።
«በስንት ገዛሽው?» እላለሁ።
«በአሥራ ስምንት ብር» ትላለች፣ ልጅ ሳለች በነበረው ዋጋ፤
«ሃያ ብሎኝ ነበር፤ ተከራክሬ።»

«ርካሽ ነው» እላታለሁ።
«ነገም ግዢልን።»