መስፋት

ስሙን ከድምፃችን ያገኘ መንገድ ነው፣
መኪና ግርግር፣ ጁገል የሚሰማው።
አባቴ በፔዳል፣ እኔ በመብራት፣
ስልሳ ዓመት ሰፋን የዚህን አገር ክት።

አይ ሩማና መጡ ከፈላና በሪ፣
በፌስታል ጠቅልለው የሣጥን አዳሪ፤
ጥቁር ሐር፣ ቀይ ገበር፣ የእናታቸው ንብረት፣
ለልጃቸው ለኢልሃም እንዲሆን ለሠርግ ዕለት።
እንደ ወጉ ይሁን፣ በሁለት ፊት ለባሽ፣
ውስጡም ውጭ ሆኖ፣ ውጩም ውስጥን መላሽ።

ለካሁት።
አጠረ።
ሜትሬን ጠርጥሬ ደግሜ ለካሁት።
አጠረ።
እጅጌው ሲወጣ ወገቡ ይጠባል፤
ወገቡን ሳሰፋው እጅጌው ይቀራል።

ኢፍቱ፣ ተማሪዬ፣ ቁልፍ እየተከለች፣
"ይህን ስልክ ለምን አንጠይቀውም?" አለች።
ሳቅሁ። ጣት የሌለው ልብስ ሰፊ ሊመክረኝ?
ክር በምራቅ አርሶ የማያውቅ፣ ክር ሊያስቆጥረኝ?

ግን ነገርነው። የጨርቁን ቁመት፣ ወርዱን፣
የሙሽራዋን ትከሻ፣ ደረት፣ ክንዱን።
ዐይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ሥዕል አወጣ፣
ቁራጭ ከቁራጭ ገጥሞ፣ አንዲት ጣት ሳይባክን፣ ልብሱ ሙሉ መጣ።

ኢፍቱ አጨበጨበች። እኔ መቀስ አነሣሁ፤
ጨርቁን በአውራ ጣቴ ዳበስኩና ፈራሁ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በታጠፈበት ላይ
ሐሩ ሳስቷል፤ ይህን በቁጥር ማን ሊያይ?
እዚያ ላይ ቢያልፍ መርፌው፣ ምንም ሳይታወቅበት፣
ሙሽራዋ ስትቀመጥ ይተረተር ነበር፣ በሰው ፊት።

"ተሳስተሃል" አልኩት። ጻፈችለት ኢፍቱ።
አልተቆጣም፣ አላፈረም፤ (ማፈር ከየት አምጥቶ!) ጠየቀን በብርቱ፦
"እጥፉ የት የት ነው? ደግሞስ ለምንድን ነው
እጅጌ አንድ ወጥ ካልሆነ ልብስ የማይባለው?"

ለምን ነው?
አባቴን አልጠየቅሁ። አባቴም አባቱን።
አንድ ወጥ ነው ተባለ፤ አንድ ወጥ አድርገን ቆረጥን ዘመኑን።
ጥበቤም ጠቦኝ ኖሯል፣ እንደ ልጅነት ሸሚዝ፤
አንገት ሲያንቅ "ልኬ ነው" ብዬ፣ ስቆልፍ፣ ስይዝ።

ያን ሌሊት መብራት ሄደ፣ እንደ ልማዱ፤
ስልኩም ሞተ። ጥያቄው ግን ይሄድ ጀመር በጨለማ፣ ብቻውን፣ በመንገዱ።
ጨርቁን ከጭኔ ላይ በጣቴ አነበብኩት፣
እጥፍ በእጥፍ፣ እንደ ዓይነ ሥውር፤
የፈራሁትን መስመር
ስፌት አደረግሁት።

ሲነጋ ቆረጥኩ። እጅጌው በሁለት፣
መገጣጠሚያው ላይ የወርቅ ክር ጥልፍ ጣልኩበት።
አይ ሩማና አዩት፣ ገለበጡት፣ ደግመው ገለበጡት፤
"ይሄ አዲስ ነው" አሉ። ወቀሳ ይሁን ምርቃት እስከዛሬ አላወቅሁት።

ጎረቤቴ ቶፊቅ፣ ምላሱ መቀስ፣
"ስልኩ ሰፋልህ አሉ!" ይለኛል፣ ከዙህር ሲመለስ።
ልብሱን የሰፋሁት፣ እላለሁ፣ እኔ ነኝ፤
ጠቦኝ የኖረ ሌላ ነገር ነው የሰፋልኝ።

የምፈራው ግን አለ። ባለፈው ሐሙስ፣
ተራ ሱሪ መጥቶ፣ ለማሳጠር፣ ለማደስ፣
እጄ ጨርቁን ሳትነካ ስልክ ስትፈልግ ያዝኳት፣
እንደ ሌባ ልጅ፣ ከኪስ ውስጥ። ደነገጥሁ፤ መለስኳት።
የአባቴ መኪና ያለ እግር አይዞርም ነበረ፤
ይህኛውስ ያለ ምኔ ነው የማይዞር? ልቤ በዚህ ሰነበተ፣ አደረ።

ሕግ አወጣሁ፣ ለኢፍቱ፣ ለራሴም ጭምር፦
መጀመሪያ ጣት፣ ቀጥሎ ዐይን፣ ከዚያ ዝምታ፣ መርፌው ውስጥ እስኪገባ ክር።
ከዚያ ጠይቂው። ሲመልስ ቶሎ እሺ አትበዪ፤
እንደ ጌይ ቀሚስ ገልብጠሽ ውስጡንም እዪ።

ኢፍቱ ሳቀች። "ደግሞ" አለች፣ "ሕግ ያወጣነው ለምን ነው?"

ከማን እንደ ተማረችው አላውቅም፤
ከስልኩ ነው፣ ወይስ ከእኔው።