አንድ ሜትር ከስድሳ ስምንት

ከንጋቱ አሥራ ሁለት፣ መስቀል አደባባይ፣
ደረጃው ላይ ነኝ፣ ሳይቀላ ሰማይ፤
በአንድ እግር ሠላሳ፣ በሌላው ሠላሳ፣
ጉልበቴን ቢያመኝም ቆጠራ ሳልረሳ።
ቦርጫም ጎልማሶች ቱታ ለባብሰው
"በርቺ፣ ሯጯ!" ይሉኛል፣ ትንፋሽ አጥሯቸው።

ሯጭ ግን አይደለሁም።
አትሌት መሆኔን ስነግረው
የሰው ሁሉ ጥያቄ "ስንት ደቂቃ ገባሽ?" ነው።
ደቂቃ የለኝም። ያለኝ ሴንቲ ሜትር ነው።
አንድ ሜትር ከስድሳ ስምንት፤
በአሥራ ስምንት ዓመቴ ከመሬት ያተረፍኩት።

"አራት ኪሎ! ስድስት ኪሎ! አንድ ሰው የቀረው!"
ታክሲው ውስጥ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አቀፍኩት፤
የጫማዬ ሾል ፊዚክሱን በስቷል፣
"ስበት" የሚለው ቃል መሐሉ ጠፍቷል።

መምህር ዘርዓብሩክ ያንን ገጽ አየና
ከት ብሎ ሳቀ፤ ሳቁን ጨረሰና
ሰሌዳው ላይ ዘንግ፣ ከዘንጉ በላይ
እንደ ደጋን ጎብጣ፣ ፊቷን ወደ ሰማይ፣
አንዲት ቀጭን ልጅ ሳለ።
"ይቺ አንቺ ነሽ" አለ።
"ገላሽ ከዘንጉ በላይ ነው፤
የክብደትሽ ማዕከል ግን በሥሩ ነው የሚያልፈው።"
ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ ወጡ።
እኔ ተቀመጥኩ።
ለካ ሰው በላይ ማለፍ ይችላል
ሸክሙን በታች ልኮ።

ሸክም አለ።
አባቴ ለገሃር፣ ቢጫ ሰደርያ ለብሶ፣
ለቆመ መኪና ትኬት ይቆርጣል።
ክለብ ጠርቶኛል፤ ወር በገባ ደሞዝ፣ ቱታ፣ የላብ መተኪያ።
"ፈርሚ" አለኝ፣ "ዲግሪው የትም አይሄድ፤
ጉልበት ነው የሚያረጅ።"
እናቴ ከጓዳ፦ "ታዲያ የሚያረጅ ከሆነ
ምን ልትበላ ነው ያረጀ ለት?"
ያን ማታ ተኮራርፈው አደሩ።
ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ሲፈን ትበልጠኝ ነበር።
ጃን ሜዳ፣ አንድ ሜትር ከሰባ ላይ፣
ዘንጉን ሳትነካ አለፈችና
ፍራሹ በተቀደደበት በኩል አረፈች።
ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ ደረቅ ጭራሮ ነበር የሚመስለው።
አንድ ወጌሻ አሻት። ሌላም አሻት።
ዛሬ ፒያሳ ወርቅ ቤት ሻጭ ናት፤
ደረጃ የምትወርደው በጎን ነው።

ስለዚህ ቅጹ ላይ፣ "የሚፈለግ ሙያ" በሚለው፣
"ፊዚዮቴራፒ" ብዬ ሞላሁት፤
ከጫፉ፣ በትንንሽ ፊደል፣
"እና ከፍታ ዘላይ" ጨመርኩበት።
ጸሐፊዋ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ አወረደች፦
"አንዱን ምረጪ እንጂ፣ መስመሩ አንድ ነው" አለች።
ምን ልበላት?
ከፍታ ዘላይ የሚነሣው በአንድ እግር ነው፤
እኔም ለሁለቱ ያለኝ ያው አንዱ ነው።

ከተሳካ፣ ጠዋት ጥቁር አንበሳ
የአጥንቶችን ስም አንድ በአንድ አጠናለሁ፤
ከሰዓት ጃን ሜዳ
እነዚያኑ አጥንቶች ሽቅብ እወረውራለሁ።
አንድ ቀን የእኔ በምለው ክፍል፣ አልጋው ላይ፣
የአንዲት ልጅ ጉልበት በሁለት እጄ ይዤ
"እዚህ ጋ ነው የሚያምሽ?" እላለሁ፤
ጭራሮ ከመስማቷ በፊት።
ካልተሳካ…
እሱን አላሰብኩትም። ዋሸሁ። አስቤዋለሁ፤
ታክሲው ቀይ መብራት ላይ በቆመ ቁጥር።

አሰልጣኝ ቶሌራ አንዴ እንዲህ አለኝ፦
"በእኛ ውድድር ሁሉም ጥሎ ነው የሚያበቃው።
ወርቅ የወሰደችውም ብትሆን፣
የመጨረሻውን ዘንግ ጥላ ነው ወደ ቤቷ የምትሄደው።"
ያን ጊዜ ከፍቶኝ ነበር። ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው
ይኼው፣ እሱኑ ነው ይዤ የምተኛው።

ዛሬ ማታ ዘንጉን ከፍ አደረገው። ሰባ አንድ።
ስንት እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩት።
ዘጠኝ እርምጃ። ግራ እግር። ጀርባ።
ዘንጉ ከተረከዜ ሥር ተንቀጠቀጠ፤
አሰልጣኙ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ረስቶታል፤
እኔ ፍራሹ ላይ በጀርባዬ ተዘርግቼ፣
ያላለቀ ሕንፃ ጫፍ ላይ የበራች አንዲት አምፖል እያየሁ፣
የሚወድቅ ነገር ድምፅ
እጠብቃለሁ።